ስድስት መቶ ሦስት ድምፅ

በምርጫው ማግስት ጠዋት አንኮበርን ጉም ሸፍኗት ነበር። ሠናይት ወርቅአገኘሁ ጎረቤላ ካለው ምርጫ ጣቢያ በር ፊት ቆማ፣ የተለጠፈውን ውጤት ወደ ደብተሯ ትገለብጣለች። ከጎኗ አንድ የማታውቀው ወጣት እንደሷ ይጽፋል።

አሸናፊው አራት መቶ አሥራ ሁለት። የሷ ፓርቲ «አንድ ድምፅ» ሦስት መቶ አምስት። «የገበሬው ጥሪ» ሁለት መቶ ዘጠና ስምንት።

«ሦስት መቶ አምስቱ የናንተ ነው?» አላት ወጣቱ።

«አዎ። አንተስ?»

«ከሱ ቀጥሎ ያለው የኛ ነው። አንድ ላይ ስድስት መቶ ሦስት ሰው። ወንበራችን ግን ዜሮ።»

ሠናይት የሒሳብ መምህርት ናት፤ ድምሩን ቀድማ ሠርታዋለች። የገረማት ሌላ ነው። ትናንት የተሸነፈ ሰው ሲናደድ እንጂ ሲያስብ አላየችም። ቀና ብላ አየችው። እሱም አያት።

«ስምህ ማነው?»

«ዘሥላሴ ወልደተንሣኤ።»

ፊቷ ተለወጠ። የሷ አባት አቶ ወርቅአገኘሁና የእሱ አባት አቶ ወልደተንሣኤ አንድ ፓርቲ አብረው መሥርተው፣ ከሰባት ዓመት በፊት በእጩ ምርጫ ተጣልተው ለሁለት የከፈሉት ሰዎች ናቸው። ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ቤት እንኳ ቢገናኙ አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል።

«እኔ የአቶ ወርቅአገኘሁ ልጅ ነኝ።»

«ዐውቃለሁ፤ ሲጠሩሽ ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን አናገርከኝ?»

«ስለ ምርጫው ነዋ» አለና ፈገግ አለ። «መጀመሪያ ላይ።»

ዘሥላሴ ደብረ ብርሃን፣ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ መካኒክ ነው። ሠናይት ቅዳሜ ቅዳሜ ወደዚያ መሄድ ጀመረች። የወረዳና የከተማ ምክር ቤት ወንበር ለአንደኛው ብቻ ከሚሰጥ፣ እያንዳንዱ ፓርቲ ባገኘው ድምፅ ልክ እንዲከፋፈል የክልሉን ምክር ቤት የሚጠይቅ ሰነድ አብረው ያዘጋጃሉ። እሱ ይጽፋል፣ እሷ በቀይ እስክሪብቶ ታርማለች። ስሕተቱ ከሳምንት ሳምንት በዛ።

«ይህን ቃል እኮ ባለፈው አስተካክዬልህ ነበር» አለችው አንድ ቀን።

«ቶሎ ከጨረስሽ መኪና ትይዣለሽ ብዬ ነው።»

ሠናይት አንገቷን ደፋች። ያን ቀን የመጨረሻው መኪና ሊያመልጣት ነበር።

በአካባቢው ሌሎች ሦስት ትናንሽ ፓርቲዎች አሉ። ሰነዱን ለመፈረም በመጀመሪያ እሺ ያሉት የአንዱ መሪ፣ የአልዩ አምባው ሐጂ ኑርዬ ናቸው፤ ሌሎቹ ሁለቱም ተከተሉ። የቀሩት የልጆቹ አባቶች ነበሩ።

ሠናይት የሃያ አራት ምርጫ ጣቢያ ውጤት አባቷ ፊት አስቀመጠች። አቶ ወርቅአገኘሁ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ናቸው፤ ቁጥር አይተው አያልፉም።

«አባባ፣ ሁለቱን ፓርቲ ይደምሩልኝ።»

መነጽራቸውን አድርገው ደመሩ።

«ዘጠኝ ጣቢያ ላይ እንበልጥ ነበር። ይህን ሁሉ ሰው ያለ ወኪል ያስቀረው የኔና የወልደተንሣኤ ኩርፊያ ነው?»

«ሕጉም ነው፣ አባባ። ኩርፊያውም ነው።»

ፈረሙ። አቶ ወልደተንሣኤ ይህን ሲሰሙ «እኔ ከሱ አላንስም» ብለው በማግስቱ ፈረሙ።

በአምስቱ ፓርቲዎች የመጀመሪያ ስብሰባ ላይ ግን የሁለቱ ልጆች ነገር ተነሣ። ሐጂ ኑርዬ ቃላቸውን መርጠው ተናገሩ።

«ልጆቼ፣ አላህ ይባርካችሁ። ነገር ግን ሁለቱ ፓርቲ ከተጋቡ እኛ ሦስታችን የሰርግ ቤት እንግዳ ልንሆን ነው? ሰውስ ስምምነቱ የጋብቻ ውል ነው አይልም?»

ሌሎቹ ሁለት ትናንሽ ፓርቲዎች እንወጣለን አሉ። ሠናይት ተነሣች።

«ሕጉ እስኪጸድቅ ድረስ ወደ ቤታችን ሽማግሌ አይላክም። ይህ ስምምነት በሰርግ መጣ እንዲባል አልፈልግም።»

ስብሰባው ዳነ። ዘሥላሴ ደጅ ላይ ጠበቃት።

«ሳትጠይቂኝ?»

«እምቢ ትለኛለህ ብዬ ፈራሁ።»

«አሥር ዓመት ቢፈጅስ?»

«አሥር ዓመት እጠብቃለሁ። አንተስ?»

ዘሥላሴ ጃኬቱን ትከሻው ላይ ጥሎ ሄደ።

ሦስት ሳምንት ስልኩ ዝግ ነበር። ሠናይት አንድ ጊዜ ብቻ፣ ተማሪዎቿ በወጡበት ክፍል ውስጥ አለቀሰች፤ ጠመኔ በነካው እጇ ዓይኗን ጠርጋ ወጣች። በሦስተኛው ሳምንት ዓርብ ዘሥላሴን ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ አገኘችው። ፊቱ በፀሐይ ጠቁሯል፣ ጫማው ተቀዷል። ከፋብሪካው ፈቃድ ወስዶ የደነባን ገጠር ጎጥ ለጎጥ ሲዞር ቆይቷል። በያዘው ማዳበሪያ ውስጥ የአራት ሺህ ገበሬ ፊርማ አለ።

«አሥር ዓመት መጠበቅ አልችልም» አላት። «እንዲያጥር ልሠራ ሄድኩ።»

«ደውለህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

«ተናድጄ ነበር። ንዴቱ ቶሎ አለቀ። ከዚያ በኋላ ያለው እፍረት ነው።»

ሠናይት ልትቆጣው አስባ ነበር። ማዳበሪያውን በአንድ ጎን ያዘችለት።

ከዚያ በኋላ አምስቱ ፓርቲዎች አልቆሙም። ያ ፊርማ ሌላ ፊርማ ጠራ፤ ሰነዱ ከኮሚቴ ወደ ኮሚቴ ተንከባለለ፤ ሁለት ጊዜ ተመልሶ ሁለት ጊዜ ተስተካከለ። ዘሥላሴና ሠናይት አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ፣ ስለ አንቀጽ ያወራሉ፣ ሲለያዩ በዓይን ይሸኛኛሉ። ሁለቱ አባቶች በሐጂ ኑርዬ በኩል ካልሆነ አይነጋገሩም።

ከመጀመሪያው ስብሰባ በአሥራ አራተኛው ወር የክልሉ ምክር ቤት ድምፅ ሰጠ። አቶ ወርቅአገኘሁ ከታዛቢዎች መቀመጫ ላይ ሆነው የተነሣውን እጅ ይቆጥራሉ። እንባቸው መጣና ቁጥሩ ጠፋባቸው። ከጎናቸው የተቀመጡት አቶ ወልደተንሣኤ ጎንበስ አሉ።

«አልፏል፣ ወርቄ» አሏቸው።

ከተጣሉ ወዲህ በዚያ ስም የጠራቸው ሰው አልነበረም። አቶ ወርቅአገኘሁ የጓደኛቸውን እጅ ጭብጥ አድርገው ያዙ። ከታች ባለው ረድፍ ዘሥላሴና ሠናይት ብዙ ሰው መሃል ቆመው ይተያያሉ።

በቀጣዩ እሑድ ጎረቤላ፣ አቶ ወርቅአገኘሁ ቤት ደጃፍ ላይ ሦስት ሽማግሌዎች ቆሙ። መሪያቸው ሐጂ ኑርዬ ናቸው።

«ጋብቻውን ያቆምኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ስለዚህ መለመኑም የኔ ነው።»

እንደ ወጉ ቢሆን የልጅቱ አባት ቀጠሮ ይሰጣሉ። አቶ ወርቅአገኘሁ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አሥራ አራት ወር የጠበቁ ልጆች ላይ እኔ ደግሞ ልጨምርባቸው? ግቡ፣ ተቀመጡ። ሠናይት፣ ነይ። አንቺ ምን ትያለሽ?»

«እኔማ እሺ ካልኩ ቆየሁ፣ አባባ።»

ሽማግሌዎቹ እየሣቁ ሲመርቁ እሷ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ዘሥላሴ ከታች መንገዱ ዳር ቆሞ ነበር። ስትመጣ ሲያይ ሁለት እርምጃ ተራምዶ ቆመ።

«ምን አሉ?»

«አባቴ ሳይሆኑ እኔ ነኝ የመለስኩት።»

«አንቺስ ምን አልሽ?»

ሠናይት በጠራራ ፀሐይ፣ ከቅዳሴ የሚመለሰው የጎረቤላ ሰው ሁሉ እያየ፣ እጁን ያዘች።

«ና» አለችው፣ «ይጠብቁሃል።»

ሽቅብ ሲወጡ ሰው መንገድ ለቀቀላቸው። አንዲት ሴት እልል አለች፤ ሌሎቹም ተቀበሏት።