ቀድሞ የመጣ ይተርፋል

«መልሱ ሐ ነው» አለ ከፊት ለፊቷ የተቀመጠው ልጅ።

ጂያና ሎሩሶ ደንገጥ ብላ ቀና አለች። ጠዋት ጠዋት ጀልባው ከስታተን አይላንድ ተነስቶ ማንሃተን እስኪደርስ የፈተና ጥያቄ ጮክ ብላ ለራሷ ማንበብ ልማዷ ነው። የሰፈሯ ሰው ለምዷታል፤ ዞር ብሎ የሚያያት የለም። ይሄኛው ግን አዲስ ፊት ነው። ቁመቱ ረዘም ያለ፣ ጸጉሩ የደረሰ ስንዴ የመሰለ፣ ነጭ ሸሚዙ ከሰማያዊ ካልሲ ጋር አብሮ መታጠቡ ከሩቅ የሚያስታውቅ።

«ለ ነው» አለችው ኮስተር ብላ።

«ሐ ነው እልሻለሁ።»

የመልሱን ገጽ ገልጣ አዙራ አሳየችው። ለ ነበር። ልጁ እስከ ጆሮው ቀላ።

«በቃ... ባለፈው ሳምንት ለምን እንደወደቅኩ አሁን ገባሽ» አላት።

ሳቋን መያዝ አልቻለችም። ስቃ ስታበቃ ነው ጭኑ ላይ ያለውን ወፍራም መጽሐፍ ያየችው። የሷው መጽሐፍ ነው። ደረቱ ላይ ያንጠለጠለው መታወቂያም የሷው ባንክ መታወቂያ ነው።

ዌስ ሃልቨርሰን ይባላል። ከሚኒሶታ፣ ከበቆሎ አገር ነው የመጣው። ከእሷ በላይ ባለው ፎቅ፣ በሌላ ክፍል፣ እንደ እሷ በዚያው በጋ የተቀጠረ ጀማሪ ነው።

በቁጥሩ «ሰባ ዘጠኝ» እያሉ የሚጠሩት የፈቃድ ፈተና የሁለቱንም እንቅልፍ ነስቷል። እሱን ያላለፈ ሰው ኩባንያ ሲሸጥና ሲገዛ ደንበኛ ማማከር አይችልም። ባንካቸው ደግሞ ሁለቴ የወደቀን አይታገስም፤ ዕቃህን ሰብስብና ሂድ ነው። በዚያ ላይ ማንም ከሜዳ ተነስቶ ለፈተናው አይቀመጥም። ስሙን የሚያስመዘግብለት ድርጅት ያስፈልገዋል። ከባንኩ የተባረረ ከፈተናውም ተባረረ ማለት ነው።

ለጂያና ነገሩ የዋዛ አልነበረም። አባቷ ካርሚን የዚያው ጀልባ ገመድ አሳሪ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የባንክ ሰዎችን ሲያመላልስ ኖሮ፣ ልጁ ከእነሱ መሃል ስትወርድ ባየ ቁጥር ቆቡን ያወልቅላታል።

«እንደምን አደሩ፣ ወይዘሪት ባንከር» ይላታል ሆን ብሎ፣ ሰው እየሰማ።

«ፓፓ፣ አታሳፍረኝ።»

«ላሳፍርሽ እንጂ! ለዚህ አይደል ያሳደግኩሽ?»

ከዚያች ጠዋት ጀምሮ ጂያናና ዌስ በላይኛው ወለል ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር ያዙ። እሷ ትጠይቃለች፣ እሱ ይሳሳታል። እሷ ታስረዳለች፣ እሱ ሌላ ስህተት ይዞ ይመጣል። ካርሚን ቃሪያና እንቁላል የሞላበት ዳቦ እያመጣ ያቀብላቸዋል።

«ይሄ ልጅ የሚያጠናው መጽሐፉን ነው ወይስ ዳቦውን?» ይላል።

«ዳቦውን አልፌያለሁ፣ ሚስተር ሎሩሶ። የቀረኝ መጽሐፉ ነው» ይለዋል ዌስ አፉ እንደሞላ።

እንዲህ እንዲህ ሲሉ ከረሙ። አንድ ቀን ጭጋግ ወርዶ ጀልባው እየተንፏቀቀ ሲሄድ፣ ዌስ መጽሐፉን ዘጋው።

«ዳግም ከወደቅኩ ወደ በቆሎው እመለሳለሁ» አላት። «አንቺን ግን ልወስድሽ አልችልም።»

«ለምን?» አለችው።

«እዚያ ጥያቄ የምትጮሂበት ጀልባ የለማ።»

«እንግዲያው አትወድቅም።»

ሳማት። ጉንጩ በጭጋጉ ቀዝቅዞ ነበር። ጂያና በዚያን ቀን ቢሮ ገብታ ምን እንደሠራች አታስታውስም።

ባንኩ ውስጥ የከበረ ልማድ አለ። ለሽያጭ የታሰበ ኩባንያ በእውነተኛ ስሙ አይጠራም። የወፍ ወይም የተራራ ስም ይወጣለታል፤ ሊፍት ውስጥም ሆነ ምሳ ላይ በዚያ ብቻ ነው የሚነሳው። የቁጥጥር ክፍሏ ኃላፊ ሚስ ሄርሽበርግ ገና በመጀመሪያው ቀን ጀማሪዎቹን ሰብስበው እንዲህ ብለው ነበር፦

«ስም ያመልጣችኋል፣ አውቃለሁ። ሰው ናችሁ። ያመለጠው ወይም የሰማ ወደ እኔ ይሩጥ። ቀድሞ የመጣ ይተርፋል። የዘገየ ግን ለምን እንደዘገየ ያስረዳኛል።»

የጂያና ክፍል የያዘው ሥራ «ፔሊካን» ይባል ነበር። እሷም ፈቃድ እስክታገኝ ድረስ ጥቃቅኑን እየሠራች ፔሊካን፣ ፔሊካን ስትል ነው የምትውለው።

የዌስ ፈተና ሁለት ሳምንት ሲቀረው አንድ ጥያቄ አልገባው አለ።

«ገዢው ለምን ከኩባንያው አለቆች ጋር አይደራደርም?» አላት። «አለቆቹን ዘሎ ባለአክሲዮኖቹን በቀጥታ ሽጡልኝ ማለት ምን የሚሉት ነው?»

«አለቆቹ እምቢ ስላሉት ነዋ።»

«እኮ እምቢ ካሉት ትቶ አይሄድም?»

«ወይ አንተ! እሺ፣ እኛ ጋ ያለውን ውሰድ...» አለችና አስረዳችው። ጥሩ አድርጋ አስረዳችው። በማስረዳቱ ሙቀት ግን ፔሊካን ማለቱን ረስታ የኩባንያውን እውነተኛ ስም አወጣችው።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ጂያና አፏን በእጇ ያዘች። ከኋላቸው አንድ ሽማግሌ ያንኮራፋሉ። ሌላ በአቅራቢያው የነበረ ሰው የለም።

«ዌስ... ምን አልኩ?»

«ምንም አላልሽም።»

«ብያለሁ። እንደደረስኩ ሚስ ሄርሽበርግ ጋ እሄዳለሁ።»

«አትሂጂ።»

«ቀድሞ የመጣ ይተርፋል ብለዋል እኮ።»

«ከምንድነው የምትተርፊው? ማን ሰማሽ? የሰማሁት እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ ሌላ ሰው አይደለሁም።» ሁለት እጆቿን ሰብስቦ ያዘ። «ፈተናሽን እለፊ። ከዚያ ብትነግሪያቸው ይሻላል። እመኚኝ፣ ጂያና።»

አመነችው። ምን ታድርግ? ትወደዋለች።

በነዚያ ሁለት ሳምንታት ዌስ ዝም ዝም ማለት አበዛ። አቅፏት ይቆይና ዓይኑን ወደ ባሕሩ ያዞራል። ጂያና የፈተና ጭንቀት ነው ብላ የራሷን ጥናት ወደ ጎን ትታ እሱን ማስጠናት ያዘች። የከበዱትን ምዕራፎች ሁሉ እንደ ተረት እያደረገች ነገረችው።

አለፈ። ከፈተና ጣቢያው በር ላይ ቆማ ስትጠብቀው፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ወጣና አንገቷ ውስጥ ተሸጎጠ።

«ያንቺ ነው ይሄ ውጤት... ያንቺ ነው» አላት።

የዚያን ዕለት ካርሚን ሳጥን ሙሉ ካኖሊ የሚባለውን የጣሊያን ጣፋጭ ገዝቶ ጀልባ ላይ ላገኘው መንገደኛ ሁሉ አዞረ። «አማቼ ነው» እያለ ነበር፣ ማንም ሳይጠይቀው።

የጂያና ፈተና ሐሙስ ነበር። ሰኞ ጠዋት ሚስ ሄርሽበርግ አስጠሯት።

«ጂያና፣ በጀልባው የላይኛው ወለል ላይ ለሥራ ባልደረባሽ የደንበኛ ስም ተናግረሻል?»

መካድ ትችል ነበር። አልካደችም።

«ተናግሬያለሁ።»

ሴትዮዋ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«ሁለት ሳምንት ሙሉ ትመጪ እንደሆነ ብዬ ጠበቅኩሽ። በማግስቱ እንኳ ብትመጪ በተግሣጽ ታልፊው ነበር። አሁን ግን መደበቅሽ ከመናገርሽ ባሰ። ለምን ዘገየሽ?»

«ሁለት ሳምንት» የሚለው ጆሮዋ ላይ ቀረ። ያ ሽማግሌ ተኝተው ነበር። ሌላ የሰማ የለም። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ የሚባለው ለካ እንዲህ ነው። ኮርቻው ላይ ሆነው እየሳቁ ነው የሚወድቁት።

«ማን እንደነገረኝ ልነግርሽ አልችልም» አሉ ሚስ ሄርሽበርግ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«አይንገሩኝ» አለች ጂያና። «ለምን እንደዘገየሁም አልናገርም።»

ስሙን ብትጠራ፣ አትሂጂ ያለኝ እሱ ነው ብትል፣ ምናልባት እሱም አብሯት ይወጣ ነበር። አፏ እምቢ አላት። እንዲህ ሆኖም እንኳ እምቢ አላት! መታወቂያዋን አስረከበች፣ የሐሙሱ ፈተናም ተሰረዘ።

ዌስን ሕንጻው ሥር በሚገኘው አደባባይ ላይ ቆሞ አገኘችው። ፊቷን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ።

«አንተ ነህ?»

«ጂያና፣ ስሚኝ...»

«አንተ ነህ ወይ ነው ያልኩህ።»

«የሰማም ይናገር ብለዋል። ዝም ብል እኔም እባረር ነበር። ከተናገርኩ በኋላ ደግሞ እስኪጣራ ላንቺ ትንፍሽ እንዳልል አዘዙኝ። ትእዛዝ ነው። ምን ላድርግ?»

«እንዳትነግረኝ አዘዙህ። እሺ። እንድትስመኝስ ማን አዘዘህ?»

ክንዷን ሊይዝ እጁን ዘረጋ፤ ወደ ኋላ አለች።

«እንዳስጠናህስ? ያባቴን ዳቦ እንድትበላስ?»

ሰዎች ዞር ዞር እያሉ ያዩዋቸው ጀመር። ጂያና እንባዋን ዋጥ አድርጋ ወደ ጀልባው ሄደች። ካርሚን በዚያን ቀን ቆቡን አላወለቀም፤ ልጁን ሲያያት ገመዱን ለሌላ ሰው አቀብሎ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ።

በበልግ ጀርዚ ሲቲ ያለ አንድ ትንሽ ድርጅት ለቃለ መጠይቅ ጠራት። ገና እንደተቀመጠች የሆነውን ሁሉ ራሷ ነገረቻቸው። ይበቃሻል፣ ሂጂ ይሉኛል ብላ ስትጠብቅ ቀጠሯት፤ ለፈተናውም ስሟን አስመዘገቡላት።

ዌስን ግን ከልቧ ማውጣት አልቻለችም። ሰው ሲጠላ እንኳ ቀስ ብሎ ነው መሰለኝ። መንገድ ስትሄድ ለራሷ ስለ እሱ ጥብቅና ትቆማለች። አትሂጂ ያለኝ ከልቡ ነበር፤ ስለወደደኝ ነበር። በኋላ ብቻውን ሲሆን ፍርሃት ያዘው። ከዚያ በኋላ ደግሞ ነገሩ ከእጁ ወጣ። የበቆሎ አገር ልጅ ነው፣ አንድ ጊዜ የወደቀ ሰው ነው፣ ፈራ። ለፈራ ሰው ይቅርታ ይደረጋል። በዚህች ሐሳብ ላይ ተደግፋ ነበር የምትኖረው።

ፈተናዋ ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ከሰዓት በኋላ በማንሃተኑ የጀልባ ጣቢያ በር ላይ ዌስን ቆሞ አገኘችው። ከስቷል። ሸሚዙ ግን አሁን ጥሩ ነጭ ነው።

«የስልክ ቁጥሬን ዘግተሽዋል» አላት።

«አዎ።»

«ያንቺን ያህል የተጎዳሁ ነኝ አልልም። ግን ያለ አንቺ መኖር አልቻልኩም። ልመለስ... እባክሽ። አባትሽን እግሩ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ጂያና እጁን ልትይዘው ፈለገች። እውነቱ ይሄ ነው፤ ፈለገች።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ» አለችው። «እውነቱን ብቻ ንገረኝ።»

«ምንም ጠይቂኝ።»

«መናገር እንዳለብህ የወሰንከው መቼ ነው?»

ዌስ መሬት መሬት አየ። መዋሸት ይችል ነበር። ቢሮ ስገባ ነው፣ በማግስቱ ነው ቢላት ኖሮ አብራው በሄደች። ምናልባት ስለሚወዳት ይሆናል፣ በዚህች ሰዓት አልዋሻትም።

«ገና ጀልባው ሳይቆም» አላት በቀሰስታ።

«እጄን ይዘኸኝ ሳለህ?»

«...አዎ።»

«አትሂጂ ስትለኝ?»

«ሁለታችንም ቀዳሚ መሆን አንችልም ነበር፣ ጂያና።»

የጣቢያው በር ተከፈተና ሰዉ ወደ ጀልባው መንጎድ ጀመረ። ጂያና ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች።

«ለፈራ ሰው ይቅርታ ይዤልህ ነበር» አለችው። «ላሰበበት ሰው ግን የለኝም።»

«ጂያና...»

«ደህና ሁን፣ ዌስ።»

ተከትሏት አልገባም። ጀልባው ሲነሳ ካርሚን ገመዱን ፈትቶ ሲመጣ ልጁን አግዳሚው ላይ ተጎንብሳ አገኛት። ትከሻዋ ይርገበገባል። ምን እንደሆነ አልጠየቃትም፤ በመስኮቱ ጣቢያው ላይ የቆመውን ልጅ አይቶታል። ጃኬቱን አውልቆ አለበሳት።

«እስክንደርስ ድረስ ጊዜ አለሽ» አላት። «አልቅሺና ጨርሺው ልጄ። ነገ ፈተና አለብሽ።»

ጀልባው ስታተን አይላንድ ሲቆም ገና አልጨረሰችም ነበር። ፈተናውን ግን አለፈች።