ከዝርዝሩ የተሰረዘው ስልክ

አቶ ኬ ዩንታይ መታጠቢያ ቤታቸው ወለል ላይ ሞተው ሲገኙ ሰዓቱ ከቀኑ አሥር ሆኖ ነበር። የጋዝ ውሃ ማሞቂያው እየነደደ ነው፤ ጭሱን የሚያስወጣው ማራገቢያ ግን ቆሟል። መርማሪ ዥዋንግ የሟቹን የቀላ ፊት አይታ፣ «ፊት የሚያቀላው የጋዝ ጭስ ነው የገደላቸው» አለች።

በወደብ ከተማዋ በጂሎንግ ባለው በዚያ ቤት መብራቱም፣ ካሜራውም፣ ማራገቢያውም የሚታዘዙት ቁም ሳጥን ውስጥ ላለ ትንሽ ኮምፒውተር፣ ለሰርቨሩ ነበር። የመርከብ ሬዲዮ ባለሙያ የነበሩት ሽማግሌ የትኛው ስልክ ምን ማዘዝ እንደሚችል በአንድ ዝርዝር ወስነው፣ የስልኮቹን መለያ ቁጥር በእጃቸው ጽፈው ቁም ሳጥኑ ላይ ለጥፈዋል።

«ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር ላይ ማራገቢያውን ያጠፋው በእርስዎ ስልክ መለያ ቁጥር የመጣ ትዕዛዝ ነው» አለቻት ዥዋንግ ለሟቹ ልጅ ለዪሮንግ።

ዪሮንግ ስልኳን አውጥታ አሳየች። «ገበያ ነበርኩ! ስልኬም ኪሴ ውስጥ ነበር!»

አስታማሚያቸው ሱማርኒ አለቀሰች። «እሜቴ፣ እኔ መድኃኒት ልገዛ ወጥቼ ነበር። የኔ ስልክ መብራት ብቻ ነው የሚያበራው።»

የሟቹ የወንድም ልጅ ጉዋንጂዬ ከታይፔ ገና መግባቱ እንደሆነ ተናገረ። «እኔንስ ተዉኝ፤ አጎቴ ዛሬ ከዝርዝሩ ሰርዞኛል። አምፖል እንኳ አይታዘዘኝም!»

ዪሮንግ መርማሪዋን ወደ ጓዳ ሳበቻት። «መኝታ ቤቴ ያለው ካሜራ ራሱ እየዞረ ያየኛል» አለች በሹክሹክታ። «ዛሬ ጠዋት ለአባቴ ነገርኩት።»

ዥዋንግ የሰርቨሩን መዝገብ መረመረች፤ የሟቹንም ስልክ አየች። ከዚያ ሦስቱን ሳሎን ሰበሰበች።

«አቶ ኬ ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ ሁለት ነገር አደረጉ። ከቤት ውጭ የሚመጣን ትዕዛዝ ሁሉ ዘጉ፤ የጉዋንጂዬን ስልክም ሰረዙ። ለማን ነገሩ?»

«ለእኔ ደውሎ ነገረኝ» አለ ጉዋንጂዬ።

«ስልካቸው ከጠዋት ጀምሮ አንድም ጥሪ የለውም፤ መልእክትም የለውም። ከውጭ ለሞከረ ሰው ደግሞ ሰርቨሩ ዝም ነው የሚለው፤ የተበላሸ ነው የሚመስለው። ‹አልተፈቀደልህም› የሚለው ቤት ውስጥ ሆኖ ለሞከረ ብቻ ነው። ዘጠኝ ከአምስት ላይ አንድ የተሰረዘ ስልክ እዚህ ቤት ውስጥ ሞክሮ ተከልክሏል፤ የእርስዎ ስልክ ነው። ከአምስት ደቂቃ በኋላ በዪሮንግ ስልክ መለያ ቁጥር ተመስሎ ገባ። ቁጥሩ ቁም ሳጥኑ ላይ ተጽፏል፤ ሰርቨሩም ከቁጥር በቀር ምንም አይጠይቅም።»

«ሴትዮ፣ ይሄ ተረት ነው!»

«ታዲያ መሰረዝዎን በምን አወቁ?»

ጉዋንጂዬ ወደ በሩ ዞረ። ዪሮንግ ወደ ኋላ አፈገፈገች።

«ከታይፔ የማየው የመኝታ ቤቷ ካሜራ ሲጠፋብኝ... ሰርቨሩ ላይ ያሉትን ምስሎች ልደመስስ ነበር የመጣሁት» አለ በመጨረሻ። «መሰረዜን ሳይ አጎቴ ነቅቶብኛል አልኩ። ሲታጠብ ውሃው ሲወርድ ሰማሁ፤ ማራገቢያውን አጠፋሁት። ለፖሊስ ሊሰጠኝ ነበር!»

ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወጡ ዪሮንግ የሱማርኒን እጅ አልለቀቀችም። «እህቴ፣ ዛሬ ብቻዬን አትተይኝ» አለቻት። ሁለቱ ሴቶች ካሜራውን ከግድግዳው ነቅለው አወረዱት፤ የቤቱንም መስኮቶች ሁሉ አንድ በአንድ በእጃቸው ከፈቱ።