ኩኪሱን በሙሉ አጥፍቻለሁ

አልአዛር ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሞቶ የተገኘው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ግንባሩን ኪቦርዱ ላይ ስላሳረፈ ላየው ሰው እንቅልፍ የጣለው ይመስል ነበር። ቢሮው ሐዋሳ ፒያሳ፣ ከአንድ የጫማ መደብር በላይ ያለ ጠባብ ክፍል ነው፤ ከባልደረባው ከሳያት ጋር ለድርጅቶች ድረ ገጽ ይሠሩበታል። ታች ባጃጅ ይጮሃል፣ ጫማ ይለካል። ከላይ ሬሳ እንዳለ የሰማ ገዢ እንኳ ዋጋ መከራከሩን አላቋረጠም።

ኢንስፔክተር ሙንተሃ በሩ ላይ ቆማ አየችው። ዐሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ሬሳ ስታይ ኖራለች። ድሮ ታዝን ነበር፤ አሁን የሚያሳዝናት አለማዘኗ ብቻ ነው። ጓንት አጠለቀችና ወደ ጠረጴዛው ሄደች።

ጠረጴዛው ሦስት መሳቢያ አለው። የላይኛው ተበርብሯል፤ መካከለኛውም እንደዚያው፣ ወረቀቱ ተገለባብጧል። የታችኛው ግን ማንም አልነካውም። እዚያ ውስጥ አንዲት ካርቶን አገኘች፤ አራት የለውዝ ኩኪስ ቀርቶባታል። ለማንም ሳታሳይ አሽጋ ራሷ ለሐኪሙ ወሰደችለት። አብሯት የሚሠራው ሳጅን ታደሰ ቅን ሰው ነው፤ አፉ ግን ወንፊት ነው።

ሐኪሙ ከሰዓት በኋላ ደወለላት። በኩኪሱ ውስጥ የተፈጨ የልብ መድኃኒት፣ ያውም ብዙ፣ ተገኝቷል። አልአዛር የሞተው ሰኞ አመሻሽ ላይ፣ ከዐሥራ አንድ እስከ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው።

«ለሌላው ሰው ከምግብ ጋር የተሰጠ መርዝ ነው ብቻ በሉልኝ» አለችው። «የምን ምግብ እንደሆነ እኔና እርስዎ ብቻ እንወቅ።»

ጣቢያ ስትደርስ ታደሰ ደስ ብሎት ጠበቃት።

«ኢንስፔክተር፣ ይሄ ነገርማ አለቀ! ሳያትን ይዘናታል።»

«በምን?»

«በራሷ እጅ በጻፈችው ነዋ። ኮምፒውተሩ ላይ ቴሌግራሙ ተከፍቶ ነበር፤ ያንብቡት።»

ሙንተሃ አነበበችው። «ኩኪሱን በሙሉ አጥፍቻለሁ። ምንም ዱካ አልቀረም። አሁን በሰላም ተኛ።»

«መርዙን በኩኪስ ሰጠችው፣ የተረፈውን አጠፋች፣ ከዚያ ደግሞ ታላግጣለች» አለ ታደሰ። ይህንኑ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ለሰማው ሁሉ ተናግሮ ጨርሷል።

ሳያት የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ናት። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ግድግዳውን ታያለች።

«ኩኪስ ምንድን ነው?» አለቻት ሙንተሃ።

«ድረ ገጽ ሲከፍቱ ስልክዎ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ ፋይል ነው። አንዳንዱ አይጎዳም። አንዳንዱ ግን የት እንደገቡ፣ ምን እንዳነበቡ ለማስታወቂያ ሻጮች ያቀብላል። ከዚያ በሄዱበት ይከተልዎታል። እኔ እሱን አጠፋሁ፤ ዳግም እንዳይገባም ዘጋሁት።»

«ሳጅን ታደሰ የሚበላው ነው ይላል።»

ሳያት ልትስቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም።

«ከማን ስልክ ነው ያጠፋሽው?»

ሳያት ዐይኗን ወደ ግድግዳው መለሰች።

«ስሙን ንገሪኝ። ስልኩን አይቼ ካረጋገጥኩ ዛሬውኑ ትወጫለሽ። ቀብሩ ነገ ሰባት ሰዓት ላይ ነው፤ ትደርሻለሽ።»

ሳያት ከንፈሯን ነከሰች። ከአልአዛር ጋር አራት ዓመት በአንድ ጠረጴዛ ሠርተዋል።

«አልችልም» አለች። «ያ ሰው ያመነን ማንም እንዳያውቅበት ነው። አልአዛርም ቃል ገብቷል።»

«አልአዛር እኮ ሞቷል።»

«አውቃለሁ። ያ ሰው ግን በሕይወት አለ።»

ሙንተሃ የካርቶኗን ነገር ልትነግራት አስባ ተወችው። አራት ኩኪስ ብቻውን ነፃ አያወጣትም፤ ያንንም አንቺው ነሽ የሰጠሽው ይሏታል። ይልቅ የሳያትን ስልክ ከማስረጃ ክፍል አውጥታ መልእክቱን አየችው። የተላከው ሰኞ ማታ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። የተነበበበት ሰዓትም ከሥሩ ተጽፏል። ሁለቴ አነበበችውና ማስታወሻዋ ላይ ገለበጠችው።

የሕንፃው ጥበቃ ጋሽ ፍቅሬ ናቸው። ቅዳሜ ዕለት አንዲት ሴት ቢሮው ድረስ መጥታ አልአዛር ላይ መጮኋን ነገሯት።

«አውቃታለሁ» አሉ። «አዲስ ከተማ ሰፈር ያለው መዋለ ሕፃናት አስተማሪ ናት፣ ኢየሩስ። የልጅ ልጄን እሷ ናት የምታስተምርልኝ። ሰው ላይ የምትጮህ ልጅ አልነበረችም።»

ረቡዕ ጠዋት ሙንተሃ ኢየሩስን ከመዋለ ሕፃናቱ ግቢ አገኘቻት።

«ለምን ጮህሽበት?»

«ማስታወቂያ እየተከተለኝ ነበር። ስልኬን በከፈትኩ ቁጥር፣ አስተማሪዎች አጠገቤ ተቀምጠው ሁሉ።»

«የምን ማስታወቂያ?»

«የመድኃኒት።»

«የምን መድኃኒት?»

ኢየሩስ ዥዋዥዌ የሚጫወቱትን ልጆች አየቻቸው። «መናገር ግዴታዬ ነው?»

«አይደለም» አለች ሙንተሃ፤ ማስታወሻዋንም ዘጋች።

«ከዚያ በፊት አንድ ክሊኒክ ድረ ገጽ ላይ ስለ በሽታው አንብቤ ነበር። ድረ ገጹን የሠራው አልአዛር ስለሆነ እሱ ላይ ጮህኩ። እሱ ግን የሚከታተለኝን ፋይል በኋላ ያስገባው ክሊኒኩ መሆኑን አሳየኝ። ባለቤቱን አነጋግሬ አስቆመዋለሁ፤ እምቢ ካሉም ረቡዕ ለጤና ቢሮ አመለክታለሁ አለኝ። ይቅርታም ጠየቀኝ፣ ያላጠፋውን።»

የክሊኒኩ ባለቤት አቶ ክብሩ ናቸው፤ ሬሳውን መጀመሪያ ያዩትም እሳቸው። ሙንተሃ ያገኘቻቸው ረቡዕ ከሰዓት፣ ከቀብር እንደተመለሱ፣ ጥቁር ኮታቸውን ሳያወልቁ ነው።

«በስንት ሰዓት ደረሱ?»

«ሁለት ሰዓት ከሃያ ገደማ። ለድረ ገጹ ጉዳይ ቀጠሮ ነበረን። እንዳየሁት ወዲያው ደወልኩ፤ ምንም አልነካሁም።»

«ሳያትን ያውቋታል?»

«ጨዋ ልጅ ትመስለኝ ነበር። ሰው ምኑ ይታወቃል፣ ኢንስፔክተር! አንድ ፍሬ የለውዝ ኩኪስ ሰው ይገድላል ብሎ ማን ያስባል?»

«ማንም አያስብም» አለች ሙንተሃ።

ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሁሉንም እዚያው ፒያሳ ቢሮ ሰበሰበቻቸው። ሳያት በሁለት ፖሊሶች መሃል ገባች። ኢየሩስ የሳያትን መታሰር አልሰማችም ነበርና አፏን በእጇ ያዘች። አቶ ክብሩ ወንበር ላይ ተደላድለው ተቀምጠዋል፤ ጋሽ ፍቅሬ በሩ ሥር ቆመዋል።

«ሳጅን ታደሰ፣ ሳያት ኩኪሱን በሙሉ አጠፋች ብለሃል» አለች ሙንተሃ። «መርዝ ያለበት አራት ኩኪስ ግን ከዚህ ከታችኛው መሳቢያ አውጥቻለሁ። አልጠፋም።»

ታደሰ አንገቱን አከከ።

«አንድ ሰው ይህን ኩኪስ ሲፈልግ ነበር። ሁለቱን መሳቢያ በረበረ፣ ሦስተኛውን ሳይከፍት ተወ። ሥራውን ግማሽ ላይ ለምን ያቆማል? ከእንግዲህ የሚፈለግ ነገር የለም ብሎ ስላመነ ነው። እንዲያምን ያደረገው ይህ ስክሪን ነው። አልአዛር ፋይል እየገለበጠ ስለነበር እንዳይዘጋ አድርጎታል። ሰውየው የመጣውን መልእክት ሲከፍት ‹ኩኪሱን በሙሉ አጥፍቻለሁ› ይላል።»

«ይሄ የእርስዎ ግምት ነው» አሉ አቶ ክብሩ።

«መልእክቱ የተላከው ሰኞ ማታ ዐሥራ ሁለት ተኩል ላይ ነው፤ አልአዛር ሞቶ ነበር። የተነበበው ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከዐሥር ላይ ነው። ሙት አያነብም። ጋሽ ፍቅሬ፣ አቶ ክብሩ ስንት ሰዓት ላይ ወደ ላይ ወጡ?»

«ልክ ሁለት ሰዓት ላይ፣ የመደብሩ በር ሲከፈት። ሰላም ብለውኛል።»

«የደወሉልን ሁለት ከሃያ ላይ ነው። ሃያ ደቂቃ ከሬሳ ጋር ብቻዎን ነበሩ። ትናንት ደግሞ የለውዝ ኩኪስ አሉኝ። መልእክቱ ኩኪስ እንጂ ለውዝ አይልም። ለውዝ መሆኑን የምናውቀው ሐኪሙና እኔ ነን፤ ሦስተኛው ያመጣው ሰው ነው።»

አቶ ክብሩ ላባቸውን ጠረጉ። «የዚህ አገር ኩኪስ ሁሉ ለውዝ ነው! ገምቼ ነው። ደግሞስ ምን አድርጎኝ እገድለዋለሁ?»

«የታካሚዎችዎን ዱካ ለማስታወቂያ ሻጮች እንደሚሸጡ ደርሶበት ነበር። ረቡዕ ለጤና ቢሮ ሊያመለክት ነበር። የእርስዎ ድረ ገጽ ግርጌ ላይ እኮ ‹ኩኪስ እንጠቀማለን› የሚል ጽሑፍ አለ። ውሉን ፈርመው አጽድቀውታል።»

«እሱማ...» አሉ ክብሩ፤ «በእንግዳ ማረፊያው ከሻይ ጋር የምናቀርበውን መስሎኝ ነበር።»

ማንም አልሳቀም። እውነታቸውን መሆኑ ለሁሉም ገብቷል። ሰውየው ገንዘቡን ያውቁታል፤ ቃሉን ግን አያውቁትም። ሰው ገድለው ማስረጃውን ጥለው የወጡት በዚህ በአንድ ቃል የተነሣ ነው።

ወዲያው ግን ነቁ። «እሺ፣ ማስረጃው የታለ? አልአዛር የገለበጠው ፋይል ከዚህ ኮምፒውተር ጠፍቷል አሉ። ይቺም ልጅ የማን ስልክ እንዳጸዳች አልተናገረችም። እንዲህ ያለ ኩኪስ መኖሩን ማን አየ? ያጠፋችው የሚበላውን ቢሆንስ?»

ሙንተሃ ማስታወሻዋን ዘጋች። መልሱን ታውቃለች፤ የመናገር መብቱ ግን የእሷ አይደለም። ሳያትም ወለሉን ታያለች፤ ሦስት ቀን አይደለም አራት ዓመት ብትታሰርም የምትናገር አትመስልም ነበር።

«ስልኩ የኔ ነው» አለች ኢየሩስ።

ሳያት ቀና አለች። «ኢየሩስ፣ ተይው!»

«አልተውም። የሚጥል በሽታ አለብኝ። መድኃኒት እወስዳለሁ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አልጣለኝም። ያነበብኩት ስለሱ ነው፣ የተከተለኝም የሱ ማስታወቂያ ነው። ኩኪሱ ከመጥፋቱ በፊት አልአዛር ሁሉንም ፎቶ አንስቶ እኔው ስልክ ላይ አስቀምጦልኛል፤ የክሊኒኩ ስም ከነቀኑ አለበት።» ስልኳን ለሙንተሃ ሰጠች። ከዚያ ወደ በሩ ዞረች። «ጋሽ ፍቅሬ፣ የልጅ ልጅዎን ከክፍሌ ማውጣት ከፈለጉ አልቀየምም።»

ጋሽ ፍቅሬ ባርኔጣቸውን በእጃቸው አሽከረከሩ።

አቶ ክብሩን ይዘዋቸው ወረዱ። ታች የነበሩ ገዢዎች ለአንድ አፍታ ቀና ብለው አዩና ወደ ጫማቸው ተመለሱ። ታደሰ የሳያትን ካቴና ሲፈታ ይቅርታ ለማለት ሦስት ጊዜ ጀምሮ ሦስቴም አልጨረሰውም።

«መናገር አልነበረብሽም» አለች ሳያት። «ከቀብሩ የቀረሁት እንዳትናገሪ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ» አለች ኢየሩስ። እንባዋ ይወርዳል። «ግን እኔ ስናገረውና እነሱ ሲሸጡት አንድ አይደለም።»

ሳያት አላለቀሰችም። የደነዘዘ የእጅ አንጓዋን እያሸች ባዶውን ወንበር አየች።

«የት ቀበሩት?» አለች።