ኤሞሪ ያመጣው ሁለተኛው ሳጥን

ሎርና ቲስዴል ከኤሞሪ ፔካም ጋር የተዋወቀችው በቁጣ ነው።

ፔንድል ሃርበር በምትባል የማሳቹሴትስ የባሕር ዳር ከተማ፣ እሷ በምትሠራበት ቤተ መዛግብት ውስጥ፣ ሰውየው የቅድመ አያቶቹን ወረቀት በሳጥን ተሸክሞ መጣ። የዕቃውን ዝርዝር ሊጽፍ ጎንበስ ሲል ሎርና እስክሪብቶውን ከእጁ መነጨቀችው።

«እዚህ ቤት ቀለም አይገባም። እርሳስ ብቻ ነው።»

«እኔ እኮ ጀልባ ሠሪ ነኝ፤ እርሳስ ከጆሮዬ ላይ ጠፍቶ አያውቅም» አለና ከጆሮው ላይ አውርዶ አሳያት። በራሷ አፈረች።

እፍረቷን ለመሸሸግ ሳጥኑን እዚያው ፊቱ ከፈተችው። አገሩ በእንግሊዝ ንጉሥ ሥር በነበረ ጊዜ የታተሙ ቁርጥራጮች ነበሩ፤ የቀብር ጥሪ፣ የሻይ ቀረጥ አስከፋዮችን የሚሳደብ በራሪ ወረቀት፣ የጠፋች ላም የሚያፈላልግ ማስታወቂያ። ላሟ «ዓመለ ክፉ» እንደሆነች ባለቤቷ ራሱ ጽፏል። ሁለቱም ሳቁ። ሎርና እንዲህ ያሉትን ወረቀቶች የምትወደው ሰው አንብቦ ሊጥላቸው ሲገባ በአጋጣሚ ስለተረፉ ነበር።

ከዚያ ኤሞሪ ማን የማን ልጅ እንደሆነ ሊያስረዳ በየሐሙሱ መምጣት ያዘ። ውስጥ ምግብ ክልክል ስለሆነ ደረጃው ላይ ተቀምጠው የዓሣ ሾርባ ይጠጡ ነበር። ዘር ቆጠራው በሁለት ሐሙስ አለቀ፤ ሰውየው ግን ስድስት ወር ተመላለሰ። ሎርና ምክንያቱ አልጠፋትም። ከአፉ እስኪወጣ ጠበቀች። እሱ ደግሞ ስለ እንጨት ካልሆነ በቀር አፉ የማይፈታ ሰው ነበር።

በመስከረም ወር አንድ ሰኞ ሁለተኛ ሳጥን አምጥቶ አስረከባት። ፊቱ ቲማቲም መስሏል።

«ዛሬ ትከፍችዋለሽ አይደል?»

«እንዴታ» አለችው።

ክፉ ዕድል ሆነና ገና ሳትከፍተው በዚያው ቀን መጋዘኑ ውስጥ ብል ተገኘ። ኃላፊዋ፣ የሚገባ ሳጥን ሁሉ ሳይከፈት ታሽጎ ብሉ እንዲሞት በረዶ ቤት ይክረም፤ ከዚያ ወረፋውን ይጠብቅ፣ ብላ አዘዘች። በቤተ መዛግብት ወረፋ ማለት ዓመታት ማለት ነው። እዚያ ለሚሠራ ሰው ይህ ምንም አይደንቅም፤ ውጭ ላለ ሰው ግን ማን ይነግረዋል? ሎርና ሐሙስ ሲመጣ ልትነግረው አሰበች።

ሐሙስ አልመጣም። በሚቀጥለውም አልመጣም።

ባልደረባዋ ደውዪለት ብላ ወተወተቻት። ሎርና ግን «ወረቀቱን አስረከበ፣ ጉዳዩ አለቀ፤ ለምኜ የምወደድ ሰው አይደለሁም» አለች። ሆድ ይፍጀው ብላ ተወችው። ሥራው፣ ሾርባው፣ ሐሙሱ፣ ሁሉም እንጨት እንጨት አላት።

ከስድስት ዓመት በኋላ የሳጥኑ ተራ ደረሰ።

ከላይ አንድ አሮጌ የዘመን መቁጠሪያ መጽሐፍ ነበር። በገጾቹ መካከል፣ ስሟ የተጻፈበት አዲስ ነጭ ፖስታ አገኘች።

«ሎርና፣ አፌ አልታዘዝ ስላለኝ ጻፍኩት። አግቢኝ። ቅዳሜ እኩለ ቀን የመርከብ ማረፊያው ላይ እጠብቅሻለሁ። ከቀረሽ መልስሽ ገብቶኛል፤ ዳግመኛ አላስቸግርሽም። ኤሞሪ።»

 ያን ቅዳሜ ታስታውሰዋለች። ሐሙስ ስለቀረ ይደውል ይሆናል ብላ ፀጉሯን ታጥባ፣ ስልኩ አጠገብ እስኪመሽ ተቀምጣ ነበር። ማረፊያው ከቤቷ በእግር አሥር ደቂቃ አይሞላም። መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

በማግስቱ ባሕረ ሰላጤውን በመርከብ ተሻግራ ወደ ጀልባ መሥሪያው ሄደች። «እሺ» የሚለውን ቃል መንገዱን ሁሉ አፏ ውስጥ ይዛው ነበር። በሩን የከፈተችው ሕፃን ያቀፈች ሴት ናት።

«ኤሞ! እንግዳ መጥቶልሃል» ብላ ተጣርታ፣ ሎርናን በፈገግታ አስገብታ፣ ልጇን ልታስተኛ ገባች።

ኤሞሪ የእንጨት ፍቅፋቂ ጢሙ ላይ እንደተጣበቀ መጣ። ሲያያት ክው አለ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ» አላት። «ያኔ... ደብዳቤዬን አንብበሽው ነበር?»

ሎርና ከውስጥ የእናቲቱ እሹሩሩ ይሰማታል። አላነበብኩትም ብትል ይህ ሰው ከዛሬ ጀምሮ እንቅልፍ የለውም፤ ያቺም ሴት ምንም ሳታጠፋ ቤቷ ይፈርሳል። ሎርና በሥራ ዘመኗ ሁሉ ከአንድ መዝገብ ላይ አንድ ፊደል ለውጣ አታውቅም።

«አንብቤው ነበር» አለች። «በዚያው ቀን።»

አንገቱን ነቀነቀ። «እስኪጨልም ጠበቅኩሽ። ምናልባት አላየችው ይሆናል እያልኩ ስንት ዓመት ራሴን ሳሞኝ ኖርኩ።»

«ይቅር በለኝ።»

«ልብ በግድ አይሆን። ተይው... አሁን እንኳን ልረፍ።»

ለምን እንደመጣች ሲጠይቃት ሁለተኛው ሳጥን ተዘርዝሮ አለቀ፣ በቤተ መዛግብቱ ስም ላመሰግን ነው አለችው። ሚስቱ ምሳ ሳትበይ አትሄጂም ብላ ያዘቻት። መርከቡ ያመልጠኛል ብላ ወጣች።

መርከቡ ላይ ከኋላ በኩል ቆመች። ኤሞሪ ደጁ ላይ ወጥቶ እጁን አውለበለበላት፤ ከዚያ ሚስቱ ጠርታው ገባ። በሩ ሲዘጋ ሎርና የመርከቡን መደገፊያ ብረት በሁለት እጇ ያዘች።

«እሺ» አለች። «አገባሃለሁ።»

ሞተሩ ይጮህ ስለነበር አጠገቧ የቆሙት ሰዎች እንኳ አልሰሟትም።