ቬሰል የወደደው ጉልላት

«ማንም እንዳያናግረኝ!» አለ ቬሰል አንገቱን ወደ ኋላ ቀልብሶ። «ይሄ ጉልላት ነፍስ ነው!»

ኒንከ የምታነበውን ወረቀት ወደ ደረቷ አስጠጋች። ቬሰል አንድ ነገር ሲያደንቅ ስትሰማ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ከግሮኒንገን ከተማ ለትምህርት ጉብኝት ሮም ከገቡ ሦስተኛ ቀናቸው ነበር። በጌጥ የተንቆጠቆጡትን የባሮክ ዘመን አብያተ ክርስቲያናት አንድ በአንድ ሲዞሩ፣ እሱ ወርቁን «ክሬም የተደፋበት ኬክ»፣ የእብነ በረድ መላእክቱን «ዳይፐር የጠፋባቸው ሕፃናት» እያለ የክፍሉን ልጆች ሲያስቅ ነው የከረመው። እሷንም አልማራትም። ከአውሮፕላን ማረፊያ ሲመጡ የገጠር አነጋገሯን እያስመሰለ፣ በየመሀሉ እንደ ላም «እምቧ!» ሲል አውቶቡሱ በሳቅ ፈርሷል። ከዚያ ወዲህ ስሟ «ፋራዋ» ሆኖ ቀረ።

አሁን ያ ነገረኛ ልጅ በዚህ ቤተ ክርስቲያን ወለል ላይ እግሩን አጣጥፎ፣ ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ ይሥላል። ግማሽ ሰዓት ሆኖታል።

ችግሩ፣ እዚያ ላይ ምንም ጉልላት አለመኖሩ ነው። ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ጉልላቱ ሳይሠራ ሲቀር፣ አንድ ሠዓሊ በትልቅ ሸራ ላይ ጉልላት ሥሎ ክፍተቱን ደፈነው። ዓምዶቹም፣ መስኮቶቹም፣ በመስኮቶቹ የሚገባው ብርሃንም ቀለም ናቸው። ይህን ለክፍሉ የምታስረዳው ኒንከ ናት። ለሦስት ሳምንት መስታወት ፊት ቆማ ተለማምዳለች፤ ምስጢሩንም ከጓደኛዋ ከሂስከ በቀር ለማንም አልተነፈሰችም።

«እውነት መስሎታል እኮ!» አለች ሂስከ በጆሮዋ፣ ሳቋን አፍና። «ቲቸር ከነልጆቹ ሲመጡ "ቬሰል፣ ሥዕልህን አሳየን" በይውና ከዚያ አፍርጪው። በአንቺ የሳቁት ሁሉ በእሱ ይሳቁ!»

ኒንከ ፈገግ አለች። ሐሳቡ ጣፈጣት። የቬሰል ጆሮ ሲቀላ ከወዲሁ ታያት።

«ኒንከ፣ እስቲ ነይ» አለ ቬሰል ከወረቀቱ ቀና ሳይል። በስሟ ነው የጠራት። «ይሄን የመስኮቱን ብርሃን እንዴት ነው የማመጣው? አቃተኝ። አያቴ ግንበኛ ነው፤ ዕድሜ ልኩን ጡብ ሲደረድር የኖረ ሰው። ይሄን ልልክለት ነው። ያብዳል!»

አጠገቡ ተንበርክካ ሥዕሉን አየችው። ቀሽም አልነበረም። እያንዳንዷን ዓምድ ቆጥሮ፣ አጥፍቶ፣ እንደገና ሞክሯል። የወረቀቱ ጫፍ ከመፋቅ ብዛት ሳስቷል። ኒንከ ወደ ኋላ ዞረች። መምህራቸው ወይዘሮ ሁክስትራ ከቀሩት ልጆች ጋር ገና በሩ አጠገብ ናቸው።

«ተነሥ» አለችው።

«ምነው?»

«ተነሥ ስልህ! ዓይንህን ከጉልላቱ ሳትነቅል ወደ መሠዊያው ሂድ።»

«ዓምድ ልታስገጪኝ ነው?»

«ሂድ በናትህ!»

እያጉረመረመ ተነሣና ሄደ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ስምንተኛው እርምጃ ላይ ቀጥ አለ።

«ቆይ። ጉልላቱ ዘመመ እንዴ?» ሁለት እርምጃ ተመለሰ። «ቀና አለ!» እንደገና ወደፊት ሄደ። «ኧረ ሊወድቅ ነው! ኒንከ፣ ይሄ ነገር... ቀለም ነው?»

«ሸራ ነው። እንደ ጠረጴዛ ጠፍጣፋ። እውነት የሚመስለው አንተ ከተቀመጥክበት ቦታ ሲያዩት ብቻ ነው።»

ቬሰል እንደገና ቀና ብሎ አየው። ኒንከ ቁጣውን ጠበቀች። እሱ ግን መጀመሪያ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ሆዱን ይዞ ወለሉ ላይ ተዘረጋ። ሳቁ ግድግዳ ለግድግዳ እየተላተመ ሲያስተጋባ አንድ ጥበቃ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ «እሽሽ!» አለ። ይሄኔ ኒንከም አላስቻላት፤ አጠገቡ ዘፍ ብላ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች።

«አያቴ ሲሰማ ይሞታል!» አለ ቬሰል ትንፋሹን እየሰበሰበ። ከዚያ ዞሮ አያት። «አንቺ ታውቂ ነበር። ሁሉም ፊት ልታዋርጂኝ ትችዪ ነበር እኮ።»

«እችል ነበር።»

ፀጉሩን አከከ። «የአውቶቡሱ ነገር...»

«አላሳቀኝም።»

«አውቃለሁ። ይቅርታ።»

ወይዘሮ ሁክስትራ እያጨበጨቡ መጡ። «በሉ ልጆች፣ ተሰብሰቡ! ኒንከ፣ ዝግጁ ነሽ?» ሂስከ ከጀርባቸው በዓይኗ «አሁን!» አለቻት።

ኒንከ ወረቀቱን አየችው። አራት ገጽ ሙሉ፣ ዓመተ ምሕረትና የሠዓሊ ስም። አጣጥፋ ኪሷ ውስጥ ከተተችው።

«ቲቸር፣ ማብራሪያው ይቆይ» አለች። «መጀመሪያ እዚህ ጋ በአንድ መስመር ይሰለፉልኝ። ቬሰል፣ አንተ መሠዊያው ጋ ሆነህ አንድ በአንድ ጥራልኝ።»

ቬሰል እየሮጠ ሄደ። የመጀመሪያዋ ልጅ ቀና እንዳለች አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት ተራመደች፤ ስምንተኛው ላይ «እንዴ!» ብላ ጮኸች። ከሰልፉ ኋላ ወይዘሮ ሁክስትራ ራሳቸው ተራ ያዙ።