ሁለተኛው ዱላ

የምነግራችሁ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ቀልድ የመሰለው ካለ እዚህ ዌልስ ድረስ ይምጣና ዱላውን በገዛ እጁ ይንካው። እኔ አልነካውም።

ባለፈው ኅዳር ነው። ሐሙስ፣ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ተኩል። ካፊያና ጉም።

በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ከተራራው የጣሪያ ድንጋይ ያወርድ የነበረ ትንሽ የባቡር መስመር አለን። ድንጋዩ የሚፈለጥበት ካባ ከተዘጋ ስንት ዘመኑ። ሐዲዱና ዋሻው እንዳይጠፋ ብለን በነፃ የምንጠብቀው አሥራ አንድ ሰዎች ነበርን። ዘንድሮ የቀረነው እኔና ኔስታ ብቻ ነን።

የዋሻው ሕግ ቀላል ነው። ለአንድ መንገድ አንድ ዱላ። የነሐስ ቀለበት ያለውን ዱላ ያልያዘ አይገባም። ዱላው አንድ ስለሆነ ሁለት የሐዲድ ጋሪ ዋሻው ውስጥ አይገናኝም።

ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

የኔስታ ወንድም ኢድዋል መጋቢት ላይ ሞተ። ሠላሳ ዓመት አብሮኝ የሠራ ሰው ነው፣ አንጀቴ አልችል አለ። ዱላውን ሣጥኑ ውስጥ፣ ግራ እጁ ሥር አስቀመጥኩለት። ግራኝ ነበር።

"ተው" አለችኝ ኔስታ በሹክሹክታ። "የመንገዱ ነው እንጂ የሱ አይደለም።"

"ሌላ እጠርባለሁ።"

ጠረብኩ። ኤምሊን ብዬ ስሜንም ቀረጽኩበት።

ያን ሐሙስ የገባሁት የዋሻውን ቦይ ልጠርግ ነው። ሰኞ መርማሪ ይመጣል። ቦዩን ተደፍኖ ካገኘው ውሃው ግድግዳውን ይገፋል ብሎ ዋሻውን በሲሚንቶ ያስዘጋዋል። ከዚያ በኋላ እኔ ምን ቀረኝ? ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ።

ኔስታ እንደ ደንቡ በሩ ላይ ቀረች።

"ለወገብህ ተጠንቀቅ" አለችኝ። "ኋላ ተሸክሜ የማወጣህ እንዳይመስልህ።"

ጋሪዬን እየገፋሁ ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ገባሁ...

ቦዩ ተጠርጓል።

ጭቃው በግራ በኩል ተቆልሏል። እኔ ሁልጊዜ የምቆልለው በቀኝ ነው።

ቆምኩ... ውሃ ይንጠባጠባል።

ከዚያ የጋሪ ጎማ ሲጮህ ሰማሁ። ከወዲያኛው ጫፍ። ወዲያኛው ጫፍ በብረት በር ከታሸገ ዓመታት አልፈዋል።

ጨለማ ውስጥ ስንሠራ ሐዲዱን በዱላ እንመታለን። ሁለቴ ከተመታ "ዱላው ማን ጋ ነው?" ማለት ነው። መልሱ አንዴ ነው፤ "እኔ ጋ።"

ሁለቴ መታሁ።

ጎንበስ ብዬ አዳመጥኩ...

ከወዲያ አንዴ ተመታ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ፍርሃት አይደለም። ደስ አለኝ። ስምንት ወር ሙሉ ብቻዬን ነበር የምሠራው።

"ኢድዋል?" አልኩ።

ጎማው ቆመ። ከዚያ ፈጠን ብሎ መምጣት ጀመረ።

ባትሪዬን ወደ ድምፁ አዞርኩ። ሐዲዱ ባዶ ነው። ድምፁ ግን እየቀረበ... እየቀረበ...

ዱላዬን ሐዲዱ ላይ ጣልኩና፣ ግድግዳውን እየዳበስኩ የኋሊት ወጣሁ።

የኔስታ ፊት አመድ መስሏል።

"ከማን ጋር ነበር የምታወራው?"

"ከማንም። እኔ ብቻ ነኝ የተናገርኩት።"

"ሲመልስልህ ሰማሁ እኮ።"

"ምን አለ?"

"'ያንተን ተውልኝ' አለ።"

ሰኞ ከመርማሪው ጋር ገባን። ቦዩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተጠርጓል። ጭቃው በሙሉ በግራ ነው።

"ጎበዞች ናችሁ" አለን መርማሪው እጄን እየጨበጠ። "ስንት ሆናችሁ ነው የሠራችሁት?"

ኔስታን አየኋት። መስመሩ ግን ተረፈ።

ዱላዬን ሐዲድ ሐዲዱን ፈለግነው፣ የለም።

መርማሪው ከሄደ በኋላ ዱላ የምንሰቅልበት ጎጆ ገባን። ሚስማሩ ላይ የነሐስ ቀለበት ያለው አሮጌው ዱላ ተሰቅሏል። ኢድዋል የተቀበረበት ቢጫ ጭቃ ቀለበቱ ላይ ተለጥፏል።

ኔስታ ጠጋ ብላ አየችው።

"እንግዲህ" አለች ቀስ ብላ፣ "አሁን እሱ የያዘው ያንተን ነው። ስምህ ያለበትን።"

ይኸው ግንቦት ገባ። ጎጆው ውስጥ እሳት እናነዳለን፣ ልብሳችን እንኳን እዚያው ይደርቃል።

ያ ጭቃ ግን እስከ ዛሬ እርጥብ ነው።