የቅዱስ ኒኮላስ ጡቦች

ሉድቪካ ሴቬሪንን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው ፍርስራሽ ላይ ተቀምጣ ከጡብ ላይ የደረቀ ኖራ ስታራግፍ ነው። ከወንዙ በኩል መጣ። ኮፍያውን አውልቆ የሚጠጣ ውሃ ለመናት። ጣሳውን ስታቀብለው ቀና ብላ ፊቱን አላየችውም፤ ያየችው በጀልባ ገመድ የተላላጠ እጁን ነበር።

«የጡብ አቧራ ገብቶበታል» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ግድ የለም። ዋርሶ ውስጥ ሾርባውም እንደዚሁ ነው።»

ከጎኗ የምትሠራው ባሏ የሞተባት ጌኖቬፋ ሳቀች። «ልጄ፣ ጣሳውን ልቀቂለት እንጂ። አብረሽው ልትጠጪ ነው?»

ሉድቪካ ጣሳውን እስካሁን እንደያዘች ያወቀችው ያኔ ነው።

ጦርነቱ ካበቃ አምስተኛ ዓመቱ ነበር። ከግራቦቫ ከተማ የጡብ ፋብሪካ የቀረው ጭስ ማውጫው ብቻ ነው። የቪስዋ ወንዝ ጀልበኞች ከአምስት መቶ ዓመት በፊት ካሠሩት ከቅዱስ ኒኮላስ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ መቅደሱና የሰሜኑ ግንብ ተርፈዋል። ጣሪያ ስለሌለው ዝናብ በጣለ ቁጥር ሕዝቡ ዣንጥላ ይዞ ያስቀድሳል። በከተማዋ የወደቀ ጡብ ሁሉ ተለቅሞ ዋርሶን መልሶ ለመሥራት እንዲላክ ታዝዟል። ሴቶቹ ያጸዳሉ፤ የሴቬሪን የጭነት ጀልባ ወንዙን ሽቅብ ይዞት ይሄዳል።

የሉድቪካ አባት ቫለንቲ አርባ ዓመት ሙሉ የጡብ ፋብሪካው ምድጃ ኃላፊ ነበሩ። ፋብሪካው ሲወድም የቤተ ክርስቲያኑን ቁልፍ ያዙ። ከወደቀው መካከል ጥንታዊዎቹን ጡቦች፣ ገና ጭቃ ሳሉ የሠሪው ጣቶች ያሰመሩባቸውን፣ አንድ በአንድ እየለዩ በሰሜኑ ግንብ ሥር ይከምሩ ነበር። ግንቡ ወደ ወንዙ አዘንብሏል። ብርዱ ሳይጠና ደጋፊ ካልተሠራለት የሚቀጥለውን ጸደይ አያይም። ግንበኛ አነጋግረዋል፤ የጎደለው ጡብ ብቻ ነበር።

ጀልባው በየአሥር ቀኑ ባዶውን ይመለሳል። ሴቬሪን ከወረደ አያርፍም፤ መዶሻ ይዞ ከሉድቪካ አጠገብ ይቀመጣል። ዋርሶ ውስጥ እህቱ ከሁለት ልጆቿ ጋር በፈረሰ ቤት ምድር ቤት እንደምትኖር፣ ልጆቹ በቀን ብርሃን መጫወት እንደማያውቁ አጫወታት። እሷ ብዙ አትናገርም፤ እሱ ግን ዝም ስትል መቼ እንደምትሰማና መቼ እንደምታዝን መለየት ጀምሮ ነበር። እስከ በጋው አጋማሽ ድረስ እርስዎ ይባባሉ ነበር። አንድ ቀን ስባሪ ጣቷን ቆረጣት። «አሳዪኝ እስቲ» አላት። ሁለቱም ሰሙት፤ ሁለቱም አላረሙትም።

በመስከረም እጇን ሊጠይቅ እንደ ደንቡ አበባና አንድ ጠርሙስ መጠጥ ይዞ አባቷ ፊት ቆመ። ቫለንቲ ጠርሙሱን አልከፈቱትም።

«ቤተ ክርስቲያኔን እየጫነ የሚወስደው ሰው ልጄንም ሊጭን መጣ» አሉ። «አልባርክም።»

በግራቦቫ ሙሽሪት ከቤት ከመውጣቷ በፊት ከሙሽራው ጋር በወላጆቿ ፊት ተንበርክካ በመስቀል ትባረካለች። የሉድቪካ እናት በጦርነቱ ሞታለች፤ መስቀሉን የሚይዝ ሌላ እጅ አልነበራትም። ያለ አባቷ ምርቃት ከዚያ በር እንደማትወጣ ለሴቬሪን ነገረችው። አልተከራከራትም፤ እጠብቃለሁ ብቻ አላት።

ወንዙ በረዶ ከመሥራቱ በፊት የመጨረሻው ጀልባ በጥቅምት ማብቂያ መጣ። የቆዳ ቦርሳ ያነገተ የመንግሥት ሹምም አብሮ መጣ። ጭነቱ ጎድሏል፤ በግንቡ ሥር የተከመረውም ይጫን አለ። ቫለንቲ ሄደው ክምሩ ላይ ተቀመጡ።

ሹሙ ከሽማግሌው ጋር አልተጨቃጨቀም። ወደ ሴቬሪን ዞሮ፣ ካልጫነ የዋና ከተማዋን ግንባታ አደናቃፊ ብሎ ስሙን እንደሚጽፍ ነገረው። በዚያ ዓመት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያልገባው አልነበረም። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት በጸደይ እንደተወሰደ አልተመለሰም።

ሴቬሪን እጆቹን ኪሱ ከተተ። «አልጭንም» አለ። ሹሙን አልነበረም የሚያየው፤ እሷን ነበር።

ሉድቪካ ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ያሰበችው ግን የመድኃኒት ቤቱን ባለቤት ነበር። ተነሳች፤ ወደ ክምሩ ሄደች፤ ከአባቷ እግር ሥር አንድ ጡብ መዘዘች።

«አባባ፣ ተነስ።»

«አንቺ ነሽ?» አሏት።

«እኔ ነኝ። ለግንብ ብዬ ሰው አላስወስድም።»

ጡቡን ይዛ ሰው ሁሉ እያያት ሴቬሪን ፊት ቆመች። «ያዝ» አለችው። «እኔ ነኝ የማቀብልህ።»

እጆቹን ከኪሱ አውጥቶ ጡቡን ተቀበላት። ጌኖቬፋ አማተበችና ከኋላዋ ቆመች፤ ሌሎቹም ተከተሏት፤ ከግንቡ እስከ ጀልባው ድረስ ተሰለፉ። ቫለንቲ ወንዙን ሳያዩ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

የበረዶው ወራት አንድ ጣሪያ ሥር በዝምታ አለፈ። አባቷ ያቀረበችላቸውን ይበላሉ፤ ጨው አቀብዪኝ እንኳ አይሏትም። በልደት ዋዜማ ሰው ሁሉ ይቅር እየተባባለ የሚቆራረሰውን ስስ ቂጣ ቆርሰው ሳህኗ ላይ አኖሩላትና ፊታቸውን አዞሩ። ከሴቬሪን ሁለት ደብዳቤ መጣላት። እንባዋ ሲመጣ ወደ ጓዳ ትገባ ነበር።

በመጋቢት የወንዙ በረዶ መሰነጣጠቅ ጀመረ። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ምድር ተንቀጠቀጠ። ሉድቪካ እየሮጠች ደረሰች። የሰሜኑ ግንብ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወድቋል። ሥሩ ሰው አልነበረም። አባቷ ፍርስራሹ ፊት ኮፍያቸውን አውልቀው ቆመዋል። አምስት ወር ያላወጡትን የወቀሳ ቃል አሁን ያወጡታል ብላ ጠበቀች።

ቫለንቲ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። መዶሻቸውን ከካፖርታቸው አውጥተው የመጀመሪያውን ጡብ ኖራ ማራገፍ ጀመሩ። እሷም ፈራ ተባ እያለች አጠገባቸው ተቀመጠች። ሦስት ጡብ ጨርሰው ጠየቋት።

«የዚያ ልጅ እህት አሁንም ምድር ቤት ናት?»

ሉድቪካ ደነገጠች። በመስከረም አንድ ጊዜ ብቻ ነግራቸው ነበር፤ ያኔ የሰሙም አልመሰሏትም። «አዎ፣ ከልጆቿ ጋር።»

«አርባ ዓመት ጡብ ሠራሁ» አሉ። «ከምድጃው ከወጣ በኋላ የማን ቤት እንደሚገባ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም።» ጡቡን አገላብጠው አዩትና በጥንቃቄ ከጎናቸው አስቀመጡት። «ጀልባው መቼ ነው?»

«ከፋሲካ በኋላ፣ ወንዙ ከበረዶ ሲጠራ።»

«እንግዲያ እጃችንን እናፍጥን፤ ይሄን ሁሉ አጽድተን እንጠብቀው።»

እንባዋን በአቧራማ እጇ ጠረገች። አባቷ አላዩም፤ ወይም እንዳላዩ ሆኑ።

«ደብዳቤም ጻፊለት» አሉ ሥራቸውን ሳያቋርጡ። «ሲመጣ ንጹሕ ሸሚዝ ይያዝ በይው። በጀልባ ልብሱ አልባርከውም።»